እስኪገባው ድረስ

ቴፒን የሚያውቋት ከሆነ የቡናዋንም ወቅት ያውቁታል። ክረምቱ ወጥቶ እሸቱ መቅላት ሲጀምር ከተማዋ ሌላ ትሆናለች። ለቃሚው ከየአቅጣጫው ይጎርፋል፤ በየግቢው ጀንፈል ይሰጣል፤ የገዢና የሻጭ ክርክር ከሚዛኑ ዙሪያ አይጠፋም። የጁምዓ ዕለት መስጂዱ ከወትሮው የበለጠ ይሞላል። ኢማሙ ሚንበር ላይ ወጥተው ስለ ዘካ፣ ስለ ሚዛን ትክክለኛነት፣ የሠራተኛን ዋጋ በወቅቱ ስለ መክፈል ይናገራሉ። ሰጋጁም አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል።

ከሰጋጆቹ መካከል አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከአባቱ ጎን ተቀምጧል እንበል። ይህ ልጅ ገና በሕፃንነቱ በማጅራት ገትር ታሞ ነበር፤ ነፍሱ ተረፈች፣ ጆሮው ግን አልተረፈም። የኢማሙ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ያያል። ሰው ሲነሳ ይነሳል፤ አባቱ ሩኩዕ ሲያደርግ ሩኩዕ ያደርጋል፤ ግንባሩን ምንጣፍ ላይ ሲያኖር እሱም ያኖራል። በመጨረሻም አንገቱን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ያዞራል። ለመሆኑ ለማን እንደ ሰገደ ያውቃልን? የነገረው ሰውስ አለን? እናቱ «ብላ»፣ «ና»፣ «ተኛ»፣ «ተው» የምትልባቸውን ጥቂት ምልክቶች ከእሱ ጋር ፈጥራለች። አያቱ ሲሞቱ ግን የት እንደ ሄዱ የምትነግርበት ምልክት አልነበራትም። ረመዳን ገብቶ ቤተሰቡ ሁሉ ቀን ቀን ምግብ ሲተው ልጁ ቤቱ የተቀጣ መስሎት ይሆናል።

ቴፒ በቋንቋ ድሃ የሆነች ከተማ አይደለችም። ሸካቾው፣ ሸኮው፣ መዠንግሩ፣ ከፊቾው፣ ቤንቹ፣ ኦሮሞው፣ አማራው በአንድ ገበያ ይገናኛሉ። ብዙው ሰው ሁለትና ሦስት ቋንቋ ይናገራል። ይህ ልጅ ግን ከዚያ ሁሉ አንዱም አልደረሰውም። ረኃብ አይታይበትም፤ ልብሱም ንጹሕ ነው። ድህነቱ ሌላ ነው፤ በብርድ ልብስና በፊጥራ እህል የማይሸፈን ድህነት ነው።

ኢማም አሕመድ ከአስወድ ኢብን ሰሪዕ (ረ.ዐ.) በዘገቡት ሐዲስ ላይ በቂያማ ቀን አራት ዓይነት ሰዎች ምክንያታቸውን ለአላህ (ሱ.ወ.) እንደሚያቀርቡ ተነግሯል። ከእነሱ አንዱ ምንም የማይሰማ ሰው ነው። «ጌታዬ! ኢስላም መጣ፤ እኔ ግን አንዳች አልሰማሁም» የሚል ትርጉም ያለው አቤቱታ ያቀርባል። ዑለማኦች በዚህ ሐዲስ ዙሪያ ብዙ ተነጋግረዋል፤ የአላህ ፍትሕ ማንንም እንደማይበድል ግን አልተለያዩም። ስለ ልጁ ስንጨነቅ በዚህ በኩል ልባችን ይረፍ፤ እሱ ምክንያት አለው። ከአጠገቡ ተሰልፈን የሰገድነው እኛስ? እሱ «አልሰማሁም» ሲል «ለምን አልነገራችሁትም?» የሚለው ጥያቄ ወደ ማን ይዞራል? እርስዎም እኔም እንሰማለን። ምክንያት የለንም።

አቡ ዘር (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት ሌላ ሐዲስ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ገንዘብ የሌለው ሰው በምን በምን ሰደቃ እንደሚሰጥ ሲዘረዝሩ ማየት የተሳነውን መንገድ መምራትንና መስማትና መናገር ለተሳነው ማሰማትን ጠቅሰዋል። በዚህ አላበቁም፤ ማሰማቱ እስኪገባው ድረስ መሆን እንዳለበት ጨመሩ። ይህ ጽሑፍ በሙሉ በዚያች ጭማሪ ላይ የቆመ ነው። የሰደቃው መለኪያ የሰጪው ድካም አይደለም፤ የሰጠውም መጠን አይደለም። የተቀባዩ መረዳት ነው። አንድ ጊዜ በእጅ ጠቁሞ ማለፍ ሰደቃውን አይሞላውም። እስኪገባው ድረስ መቆየት ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፣ ሙያ ይፈልጋል፤ በዛሬው ዓለም ያለ ጥርጥር ገንዘብም ይፈልጋል።

ወደ ገንዘቡ ከመሄዳችን በፊት ግን ከምላሳችን ላይ አንድ ነገር ማንሳት አለብን። አማርኛችን «ደንቆሮ» በሚለው ቃል የማይሰማውንም የማያውቀውንም በአንድ ላይ ይጠራል። ቃሉ ስድብ ከሆነ ቆይቷል። ሰው ሳያስበው ጆሮ ያልሠራለትን ልጅ አእምሮም እንዳልሠራለት አድርጎ ይቆጥራል። አንዳንድ ወንድሞች ቁርኣን የከሃዲዎችን ድንቁርና በመስማት መሳን መመሰሉን ሲያነቡ ይህንኑ ስሜት ያጸናላቸው ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ቁርኣን የሚወቅሳቸው ጆሮ እያላቸው ለመስማት ያልፈለጉትን ነው። የሚታወረው ዓይን ሳይሆን በደረት ውስጥ ያለው ልብ መሆኑንም በሱረቱል ሐጅ ገልጾልናል። በዚህ መሠረት በወቀሳው ሥር የሚወድቀው መስጂድ ውስጥ የተቀመጠው ልጅ አይደለም። እየሰማን የማንሠራው እኛ እንዳንሆን ያሰጋል።

ምልክትስ በኢስላም ምን ቦታ አለው? ነቢዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) ልጅ እንደሚወለድላቸው በተበሰሩ ጊዜ ለሦስት ቀናት ሰዎችን በምልክት እንጂ በአንደበት እንዳያናግሩ ተደርገዋል። ከጸሎታቸው ስፍራ ወጥተው ሕዝባቸውን ጠዋትና ማታ አላህን እንዲያጠሩ በምልክት አዘዙ። ይመልከቱ! አንድ ነቢይ ዚክርን በእጃቸው አስተማሩ። መርየም (ዐ.ሰ.) ሕዝቦቿ ሲከሷት ወደ ሕፃኑ በመጠቆም መለሰች። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የጨረቃ ወር አንዳንዴ 29፣ አንዳንዴ 30 ቀን መሆኑን ለባልደረቦቻቸው ያስረዱት አሥር ጣቶቻቸውን ሦስት ጊዜ በመዘርጋት፣ ለ29ኙ ደግሞ በመጨረሻው ላይ አውራ ጣታቸውን በማጠፍ ነበር። ኢማም አል ቡኻሪ በፍቺና በሌሎች ጉዳዮች ስለሚደረግ ምልክት በሰሒሓቸው ውስጥ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ከፍተዋል። የፊቅህ ሊቃውንትም መናገር የተሳነው ሰው የታወቀ ምልክት እንደ ንግግር ስለሚቆጠርበት ሁኔታ በሰፊው ጽፈዋል። ከ1869 እስከ 1876 እ.ኤ.አ. የተዘጋጀው የኦቶማን መንግሥት መጀላ የተሰኘው ሕግ ይህን ራሱን የቻለ አንቀጽ አድርጎ አስፍሮታል። ሸሪዓችን የእጅን ቃል ቃል ብሎ ከተቀበለ እኛ እንደ ጨዋታ ልናየው አይገባም።

የምልክት ቋንቋ ደግሞ የጥቂት ጥቅሻዎች ስብስብ አይደለም። የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ ነው። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ፊደላችንን እንኳ በእጅ ይጽፋል፤ ተነባቢው በእጅ ቅርጽ፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ድምፆች በእጅ እንቅስቃሴ ይለያሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ይህንን ቋንቋ በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል። መስማት የተሳናቸው ኢትዮጵያውያን ብሔራዊ ማኅበራቸውን ያቋቋሙትም እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። መንገዱ ከተጠረገ ቆይቷል ማለት ነው።

ማን ጠረገው ብለው ቢጠይቁ መልሱ ሐቅ ስለሆነ መሸሸግ አይገባም። በአገራችን መስማት ለተሳናቸው ልጆች የተከፈቱት የመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው የክርስቲያን ሚሲዮኖችና አብያተ ክርስቲያናት ሥራ ናቸው። በደቡብ በኩል ስሙ የሚነሳው የሆሳዕናው ትምህርት ቤት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ነው። የሰውን ውለታ የማያመሰግን አላህንም እንደማያመሰግን ተምረናልና እናመሰግናለን። ምስጋናው ግን ቅናት ሊያሳድርብን ይገባል። በመልካም ሥራ መሽቀዳደም የታዘዘው ለማን ነው? በኢንዶኔዢያ ዮግያካርታ እ.ኤ.አ. በ2019 መስማት ለተሳናቸው ልጆች የተከፈተ የቁርኣን አዳሪ መድረሳ አለ፤ ልጆቹ የዐረብኛውን ሐርፍ በእጃቸው እየቀሩ ቁርኣንን ያነባሉ። በመካና በመዲና ሁለቱ ሐረም መስጂዶች የጁምዓ ኹጥባ በምልክት ቋንቋ ይተረጎማል። የሚቻል ነገር ነው ለማለት ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልግም።

አሁን ወደ ኪሳችን እንምጣ። በቴፒ ጥቂት ሙስሊሞች ተሰባስበው መስማት ለተሳናቸው ልጆች የሚሆን አነስተኛ የበጎ አድራጎት ማኅበር እናቋቁም ቢሉ ምን ያስፈልጋቸዋል? ብዙ ሰው መጀመሪያ ሕንፃ ይላል። ሕንፃ የመጨረሻው ነገር ነው። አንድ ክፍል ከመድረሳው ጎን ይገኛል። የሚያስፈልገው የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ መምህር ነው። ከእሱም ጋር ራሱ መስማት የተሳነው፣ ቋንቋው በእጁ የሚፈስ አንድ ጎልማሳ ያስፈልጋል፤ ልጅ ቋንቋን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሰው ነው የሚወስደውና። ለጁምዓና ለሐኪም ቤት አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ከከተማው ወጣ ካሉት ቀበሌዎች ለሚመጡት የትራንስፖርትና የምሳ ወጪ አለ። ቅዳሜና እሑድ እናቶችና አባቶች ምልክቱን የሚማሩበት ሰዓት መያዝ አለበት፤ አለዚያ ልጁ በትምህርት ቤት ያገኘውን ቋንቋ ቤቱ ደጃፍ ላይ ጥሎ ይገባል።

ሒሳቡን ቢደምሩት አብዛኛው ደመወዝ ነው። ጭቅጭቁም የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ሰጪው ገንዘቡ ብርድ ልብስ ሆኖ፣ ዱቄት ሆኖ፣ የታረደ በሬ ሆኖ ሊያየው ይፈልጋል። ፎቶግራፍ የሚነሳ ነገር ይወዳል። «ገንዘባችን ለደመወዝ ዋለ» ሲባል «ተበላ» የተባለ ያህል ይሰማዋል። እኔ በዚህ ስሜት አልስማማም፤ ነገር ግን ከክፋት የመጣ ነው ብዬ አልፈርድም። አማና ሲበላ ያየ ሕዝብ ነው። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን እንኳ ዘካ እንዲሰበስብ የተላከ ሰው «ይህ የእናንተ ነው፤ ይህ ደግሞ ለእኔ በስጦታ የተሰጠኝ ነው» ብሎ በመጣ ጊዜ ነቢዩ ሚንበር ላይ ወጥተው ነገሩን በብርቱ ነቅፈውታል፤ አባቱ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ስጦታው ይመጣለት ነበር ወይ የሚል ትርጉም ያለው ጥያቄም አንስተዋል። እንግዲህ ፍርሃቱ መሠረት አለው። መድኃኒቱ ግን ሒሳብን በአደባባይ መግለጥ እንጂ መምህሩን ማስራብ አይደለም።

ዑመር (ረ.ዐ.) በኸይበር ያገኙትን መሬት ምን ላድርገው ብለው ነቢዩን ባማከሩ ጊዜ ዋናው ሳይሸጥ፣ ሳይሰጥ፣ ሳይወረስ ፍሬው ብቻ ለችግረኛ እንዲውል አደረጉት። በዚያው ውል ላይ የሚያስተዳድረው ሰው ሀብት ሳያከማች በአግባቡ ከፍሬው ቢበላ ኃጢአት እንደሌለበት አስቀመጡ። ልብ ይበሉ! በኢስላም ታሪክ የወቅፍ ምሳሌ ሆኖ በሚጠቀሰው ውል ውስጥ የሠራተኛው ደመወዝ ተጽፏል፤ ገደቡም አብሮ ተጽፏል። ዘካ ከሚሰጣቸው ስምንቱ ክፍሎች ውስጥ አንዱ በሥራው ላይ የተሰማሩት ናቸው። የአገራችንም ሕግ ከዚህ አይርቅም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ለአስተዳደር የሚወጣውን ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቦ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 1113 ወደ 20 በመቶ አወረደው። ሆኖም ሕጉ የአስተዳደር ወጪ የሚለው የጽሕፈት ቤቱን ሠራተኛ ደመወዝና መሰል ወጪ ነው። ልጁን የሚያስተምረው ሰው የአስተዳደር ወጪ አይደለም፤ ሥራው ራሱ እሱ ነው። ለተራበ እንጀራ እንደሆነው ሁሉ ቋንቋ ላጣ ልጅ መምህሩ እንጀራው ነው።

«ታዲያ ከዘካው እንክፈል?» የሚል ወንድም ይኖራል። እዚህ ላይ ቸኩሎ መመለስ አደገኛ ነው። ዘካ ባለቤቶቹ በቁርኣን ተቆጥረው የተሰጡ ገንዘብ ነው። መስማት መሳን ከስምንቱ አንዱ አይደለም። የሀብታም ቡና ነጋዴ ልጅ መስማት ስለ ተሳነው ብቻ ዘካ አይገባውም፤ የለቃሚው ልጅ ግን የሚገባው ድሃ ስለሆነ ነው። በሐነፊያ መዝሀብ ደግሞ ዘካው በድሃው እጅ ንብረት ሆኖ መግባት አለበት። ስለዚህ ክፍል ለመሥራት፣ ወንበር ለመግዛት በዘካ ገንዘብ መጠቀምን ብዙኃኑ ሊቃውንት አይፈቅዱም። ለድሃው ልጅ አሳዳጊ ተሰጥቶ አሳዳጊው ለልጁ ምሳና ትራንስፖርት፣ ለትምህርቱም ክፍያ ቢያውለው ግን መንገዱ የቀና ነው። ዝርዝሩን የአካባቢያችሁን ዑለማኦች ጠይቁ፤ ያለ እነሱ የሚደረግ የዘካ ሥራ በኋላ ንትርክ ይወልዳል።

የቡናውም ነገር ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ሻፊዒዮች የሰብል ዘካን የሚያዩት ተከማችቶ ለምግብነት በሚውለው እህል፣ በተምርና በዘቢብ ላይ ስለሆነ በቡና ላይ ዐሹር የለም ይላሉ፤ ሐነፊዮች ምድር በምታበቅለው ሁሉ ላይ አለ ይላሉ። በዝናብ ከበቀለ ከአሥር አንድ፣ በመስኖ ድካም ከሆነ ከሃያ አንድ ነው። ብዙዎች መነሻውን አምስት ወስቅ ያደርጉታል፤ በዛሬው ሚዛን ወደ 653 ኪሎ ገደማ ነው። የቴፒ ቡና በአብዛኛው የሰማይ ዝናብ የሚያጠጣው ነው። ስምንት ኩንታል ደረቅ ቡና ያስገባ ገበሬ በዚህ አቋም 80 ኪሎው የእሱ አይደለም ማለት ነው። የሻፊዒያን አቋም የያዘውም ቢሆን ቡናውን ሸጦ ያስቀመጠው ብር መነሻውን ሞልቶ ዓመት ከዞረበት ከመቶ ሁለት ተኩል ይወጣበታል። ነጋዴውም ሸቀጡን በዚሁ ልክ ያስባል። «ቡና ላይ ዘካ የለም» የሚለው አነጋገር አንዳንድ ጊዜ የፊቅህ ልዩነት ሳይሆን ከሁለቱም መዝሀብ የመሸሻ ቀዳዳ ሆኖ ሲያገለግል ይታያል። ይህን በቅንፍ ይያዙልኝ።

ዘካ የማይደርስበትን ሰደቃና ወቅፍ ይሸፍኑታል። ይህ ደግሞ በቴፒ ሌላ ምክንያት አለው። በአንዲት አነስተኛ ከተማ መስማት የተሳናቸው ልጆች ስንት ይሆናሉ? ጥቂት ናቸው። ቋንቋ ደግሞ በጥቂት ሰው አይኖርም፤ ጓደኛ ይፈልጋል፣ የሚጣሉበትና የሚታረቁበት የጨዋታ ሜዳ ይፈልጋል። የሙስሊሙን ልጅ ለብቻ፣ የክርስቲያኑን ለብቻ ብናደርጋቸው ሁለት ዝምተኛ ክፍሎች ይኖሩናል። ዘካን በብዙኃኑ አቋም ለሙስሊሙ ድሃ ብቻ እንሰጣለን፤ ሰደቃንና የወቅፍን ፍሬ ግን ለጎረቤታችን ልጅም እንዳናደርስ የሚከለክለን የለም። የዲን ትምህርቱን ሰዓት ለይቶ መያዝ ይቻላል። ቋንቋው ግን የጋራ ይሁን። ስለዚህ ማኅበሩ ከመጀመሪያው ቀን ሁለት መዝገብ ይኖረዋል፤ አንዱ የዘካ፣ ሌላው የሰደቃና የወቅፍ። ሁለቱ ገንዘቦች በአንድ ካዝና ከተደባለቁ በኋላ መለየት፣ ከጀንፈል ውስጥ የጎረቤትን ጀንፈል እንደ መልቀም ነው።

«ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ለውጭ ድርጅት ማመልከቻ ጽፈን ገንዘብ እናምጣ» የሚሉም አሉ። የውጭ እርዳታ ሐራም ነው አልልም። ግን አንድ ትምህርት አለን። ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የ2001ዱ አዋጅ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በአካል ጉዳተኞች መብት ጉዳይ ላይ እንዳይሠራ ከልክሎ ነበር። እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ ብርድ ልብስ ማደል ይቻል ነበር፤ «ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ይቁምለት» ብሎ መከራከር ግን በውጭ ገንዘብ አይቻልም ነበር። ሕጉ ተለውጧል። ሆኖም በሌላ ሰው ኪስ የሚናገር አንደበት፣ ኪሱ የተዘጋ ዕለት እንደሚዘጋ ያን ጊዜ አይተናል። አንደበት ለሌለው ልጅ የቆመ ማኅበር ቢያንስ የራሱ አንደበት በራሱ ቡና የቆመ ቢሆን መልካም ነው።

በቡና ማቆም ግን ቀላል አይደለም፤ ማንም ቀላል ነው ካላችሁ ቡና አልተከለም። መሬት በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም አይለወጥም። ስለዚህ አባወራው «ይህን መሬት ወቅፍ አደረግሁ» ከማለቱ በፊት ወቅፍ ሊያደርግ የሚችለው የተከለውን ዛፍ፣ የሠራውን ቤት ወይም ፍሬውን መሆኑን ከሕግ አዋቂም ከዓሊምም ጋር ማየት አለበት። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ የመስጂዶች የኪራይ ቤቶችም አብረው ሄደዋል፤ አባቶቻችን ለየቲምና ለደረሳ ብለው ያቆሙት ገቢ በአንድ ክረምት ደረቀ። ወረቀቱ የጠራ ወቅፍ ዛሬም የሚያስፈልገን ለዚህ ነው።

ሌላም ችግር አለ። ቡና በዓመት አንዴ ይለቀማል፤ መምህር ግን በየወሩ ይበላል። ቡናው አንድ ዓመት አብዝቶ ሰጥቶ በሚቀጥለው ዓመት ይሰስታል። ዋጋውም ሲሻው ይወጣል፣ ሲሻው ይወርዳል። በአገራችን አማካይ ምርት በሄክታር ከ6 እስከ 8 ኩንታል ገደማ በመሆኑ የአንድ ሰው ግማሽ ሄክታር ብቻውን ትምህርት ቤት አያቆምም። የብዙ ሰዎች ጥቂት ጥቂት ዛፍ ግን ያቆማል። አንዱ ሃያ እግር ቡና፣ ሌላው በዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ቁንዶ በርበሬ፣ ሌላዋ እህት በበጋ የምትቆፍረውን እርድ ከፊሉን ቢያቆሙ ገቢው በአንድ ወር ብቻ አይወሰንም። መጀመሪያ የተገኘው ገንዘብ ወዲያው አይነካ፤ የአንድ ዓመት ደመወዝ ከወለድ ነጻ በሆነ ሒሳብ እስኪጠራቀም መምህር አይቀጠር። እ.ኤ.አ. በ2021 ዘምዘምና ሒጅራ ባንኮች ሥራ ከጀመሩ ወዲህ «የት እናስቀምጠው?» የሚለው ጥያቄ ቀሏል። ተቀጥሮ በአራተኛው ወር ደመወዝ የተቋረጠበት መምህር ከሄደ ልጆቹ ገና የያዙትን ቋንቋ ይዞባቸው ይሄዳል። ያልጀመረ ማኅበር ከዚህ ይሻላል እስከማለት እደርሳለሁ፤ ቅር የሚለው ካለ ይቅር ይበለኝ።

ቢሆንም መዘግየትም ዋጋ አለው። ጾም ያለፈው ቀዳ ያወጣል፤ ሶላት ያመለጠው ይሰግዳል። ልጅ ቋንቋ የሚይዝበት የሕፃንነት ዕድሜ ግን ካለፈ ቀዳ የለውም፤ በኋላ የሚማረው በብዙ ድካምና በጎደሎ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ እስኪጠራቀም ገንዘብ የማይጠይቀውን መጀመር ይቻላል። ልጆቹ በየትኛው ቀበሌ እንዳሉ መቁጠር፤ የኩፍኝና የማጅራት ገትር ክትባት ሲመጣ በመስጂድ ማስነገር፤ ጆሮው የሚመግል ሕፃን «ያድጋል ይተወዋል» ከመባል ይልቅ ጤና ጣቢያ እንዲደርስ ማድረግ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት ችግር 60 በመቶ የሚሆነው መከላከል የሚቻል ነው። ወባ በማይለያት ቴፒ ደግሞ ብርቱ ወባና አንዳንድ መድኃኒቶች ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲወሰዱ ጆሮን እንደሚጎዱ እናቶች ሊያውቁት ይገባል።

የቀረው ማን ያስተዳድረው የሚለው ነው። ልማዳችን የታወቀ ነው፤ ሽማግሌዎች፣ ነጋዴዎች፣ አንድ ኡስታዝ፣ አንድ ጸሐፊ። ሁሉም የሚሰሙ። ስለ ማይሰሙት ይወስናሉ። ማየት የተሳናቸው ዐብዱላህ ኢብን ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ.) ወደ ነቢዩ መጥተው በቁረይሽ መኳንንት ምክንያት ፊት በተነሱ ጊዜ አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ዐበሰ ነቢዩን እንደ ገሠጸ ሁላችንም እናውቃለን። በኋላ የሆነውን ግን ብዙ አናወሳም። እኚህ ሰው ከቢላል ጋር የነቢዩ ሙአዚን ሆኑ፤ ነቢዩ ከመዲና ሲወጡም ከአንድ ጊዜ በላይ ከተማይቱን በአደራ ተክተዋቸው ሄደዋል። ዓይናቸው አልተመለሰም፤ ኃላፊነት ግን ተሰጣቸው። ከሰደቃ ተቀባይነት ወደ አማና ጠባቂነት ያለው ርቀት በመዲና ይህን ያህል አጭር ነበር።

በቴፒም ማኅበሩ ሲቋቋም ከኮሚቴው አባላት ቢያንስ ሁለቱ መስማት የተሳናቸው ጎልማሶች ይሁኑ። አንድ ብቻ ከሆነ በመካከላችን ለዓይን የተቀመጠ እንግዳ ይሆናል። በሚዛኑ ላይ ስንት ኪሎ እንደተባለ ሳይሰሙ ሒሳባቸውን ሲቀበሉ የኖሩ ለቃሚዎች ማኅበሩ ምን ማድረግ እንዳለበት ከእኔና ከእርስዎ የተሻለ ያውቃሉ። ፊርማቸው በወቅፉ ወረቀት ላይ ይኑር፤ ምልክታቸውም በሸሪዓ ቃል ነው ብለናልና ድምፃቸው ይቆጠር። በስብሰባው ላይ የሚቀመጠው አስተርጓሚ አበል ደግሞ በበጀቱ የመጀመሪያ መስመር ላይ፣ ከሻይና ከቡናው ወጪ በላይ ይጻፍ።